የዶሮዋ ጭንቅላት ወደ ማን ይዙር

የዓመት መዝጊያ ግብዣ አዘጋጅ ኮሚቴ ሦስተኛ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ፣ በጨረቃ አቆጣጠር የአሥራ ሁለተኛው ወር አራተኛ ቀን

ቦታ፦ ዡቤይ ከተማ፣ የድርጅታችን ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ በነፋስ የሚንኳኳው የስብሰባ ክፍል

ሰዓት፦ ለስምንት ሰዓት ተጠርቶ፣ ስምንት ተኩል ላይ ተጀመረ

የተገኙ፦

ወ/ሮ ፓን ሹ-ዡ፣ የአስተዳደር ኃላፊ፣ ሰብሳቢ። (ሁሉም እትዬ ፓን ነው የሚላቸው፤ ዋና ሥራ አስኪያጁ ሳይቀሩ።)

አቶ ኦውያንግ ደ፣ የግዢ ክፍል ኃላፊ። ጡረታቸው ተቃርቧል፤ ይህንንም በየስብሰባው ያስታውሱናል።

ወ/ት ልያው ፔይ-ጁን፣ የሙከራ ክፍል ኃላፊ።

አቶ ቱ ቦ-ዪ፣ የሞገድ አቅጣጫ ንድፍ መሐንዲስ።

ኬ ሹን-ዪ፣ ጸሐፊ። ጸሐፊ የሆንኩት ባለፈው ስብሰባ ሻይ ልቅዳ ብዬ ስወጣ በሌለሁበት ተመርጬ መሆኑ ይመዝገብልኝ ስል ጠይቄ፣ መዝጋቢው እኔው ስለሆንኩ መዝግቤዋለሁ።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከአምስት አባላት አምስቱም ተገኝተዋል። አቶ ኦውያንግ «ቱ እዚህ ይቀመጥ እንጂ ሐሳቡ ሙከራ ክፍል ነው ያለው፤ ይቆጠራል እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢዋ «ወንበር የያዘ ሁሉ ይቆጠራል» ብለው ስለወሰኑ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ተረጋግጧል።

አጀንዳ አንድ፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ቃለ ጉባኤው ተነበበ። አቶ ኦውያንግ «እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር» የሚለው ቃል ክብራቸውን ስለሚነካ «በጥሞና ያዳምጡ ነበር» ተብሎ እንዲታረም ጠየቁ። ወ/ት ልያው ማንኮራፋቱስ የት ይግባ ሲሉ ተቃወሙ። ከብዙ ውይይት በኋላ «ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ድምፅ እያሰሙ፣ በጥሞና ያዳምጡ ነበር» ተብሎ እንዲታረም ተወሰነ።

አጀንዳ ሁለት፦ ስለ ዶሮዋ

ሰብሳቢዋ፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ ዶ/ር ጂያንግ ጠዋት ደውለው «ዘንድሮ ሙሉ ዶሮ ትቅረብ፤ ጭንቅላቷ እንዳይቆረጥ» እንዳሉና ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ስልኩን እንደዘጉ ለኮሚቴው አሳወቁ።

ድርጅታችን ከተቋቋመ ጀምሮ በግብዣችን ላይ የቀረበች ዶሮ ሁሉ ተከትፋ ነው የቀረበችው። ምክንያቱ የታወቀ ነው፦ በዓመት መዝጊያ ማዕድ የዶሮዋ ጭንቅላት ወደ እሱ የዞረበት ሠራተኛ ከበዓሉ በኋላ ሥራ የለውም። አለቃ በአፉ መናገር ሲከብደው ዶሮ ትናገርለታለች። የአያቶቻችን ልማድ ነው እንጂ ዛሬ ማንም አያምንበትም። ማንም ግን ጭንቅላቷ ፊት ለፊት አይቀመጥም።

በዚህ ጊዜ ማንም ወደ አቶ ቱ አልተመለከተም። ሁሉም የተመለከቱት ወደ መስኮቱ ነው። መስኮቱ ያለው ከአቶ ቱ ጀርባ ነው።

ይህን ቃለ ጉባኤ ከዓመታት በኋላ ለሚያነብ ሰው ነገሩን ላስረዳ። የድርጅታችን ቺፕ ሥራው የሚሊሜትር ሞገድን አቅጣጫ ማስያዝ ነው። አንቴናው ንቅንቅ አይልም። በላዩ የተደረደሩት ጥቃቅን አንቴናዎች በኢምንት እየተቀዳደሙ ሲልኩ ሞገዳቸው ተባብሮ ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል፤ ሳተላይቱ ሰማይ ላይ ሲሮጥ ሞገዱም ዞር እያለ ይከተለዋል። ባለፈው ሳምንት ትልቁ ደንበኛችን ሰዎቹን ከባሕር ማዶ ልኮ፣ እንግዶቹ በሙከራ ክፍሉ ስክሪን ፊት ቆመው ሳለ፣ ቀጥ ብሎ መሄድ የሚገባው የአቶ ቱ ሞገድ ወደ ግራ ተንጋዶ ሄደ። እንግዶቹ ጎንበስ ብለው አመስግነው፣ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። ከዚያ ወዲህ አቶ ቱ ቺፑን ደጋግመው ቢፈትሹም ስህተት አላገኙበትም። ስህተት ማጣታቸው ከስህተቱ ይበልጥ አከሳቸው።

አቶ ቱ የሚከተለው ቃል በቃል እንዲመዘገብላቸው ጠየቁ፦ «ባለቤቴ እርጉዝ ናት፤ ሰባት ወሯ ነው። ሥራ ማጣቱንስ እሺ፣ እንደምንም እነግራታለሁ። ግን ዶሮ አባረረችኝ ብዬ እንዴት ልንገራት?»

ሰብሳቢዋ «አይዞህ ልጄ፣ ኮሚቴ ያለው ሰው አይወድቅም» ሲሉ አጽናኑ። አቶ ኦውያንግ ኮሚቴ ኖሮት የወደቀ ሰው ሊቆጥሩ ጀምረው በሰብሳቢዋ ዓይን ተገቱ።

ሁለት ነጥብ አንድ። አቶ ኦውያንግ፣ ጭንቅላት ያላት ዶሮ ከገበያ ጠፋች ተብሎ ሪፖርት እንዲደረግ ሐሳብ አቀረቡ። ሰብሳቢዋ የዶሮ ተራው ከዶ/ር ጂያንግ መስኮት ትይዩ መሆኑን፣ ዶሮዎቹም ቀኑን ሙሉ አንገታቸውን አውጥተው እንደሚያዩዋቸው አስታወሱ። ሐሳቡ ውድቅ ሆነ።

ሁለት ነጥብ ሁለት። ወ/ት ልያው፣ በጠረጴዛው መሃል ያለው ተሽከርካሪ ትሪ በፕላስተር ተጣብቆ የዶሮዋ ጭንቅላት ወደ ባዶ ወንበር እንዲዞር አሳሰቡ። የባዶ ወንበር ባለቤት ማን እንደሆነ ተጠየቀ። በየዓመቱ አርፍደው የሚመጡት አቶ ኦውያንግ መሆናቸው ታወቀ። አቶ ኦውያንግ ከወንበራቸው ተነሥተው «ይመዝገብልኝ! ይህን ሁሉ ዘመን ሠርቼ፣ የጡረታ አፋፍ ላይ ደርሼ፣ ዶሮ አትገፈትረኝም!» ሲሉ ተናገሩ። ወ/ት ልያው «በጊዜ መምጣት ነዋ፣ ጋሼ» ሲሉ መለሱ። በአቶ ኦውያንግና በወ/ት ልያው መካከል ስለ ሰዓት አከባበር፣ ስለ አስተዳደግና ባለፈው ክረምት ስለጠፋ ጃንጥላ ሰፊ የሐሳብ ልውውጥ ተደረገ።

ሁለት ነጥብ ሦስት። እስከዚህ ድረስ አንገታቸውን ደፍተው የነበሩት አቶ ቱ ድንገት ተነሥተው ወደ ሰሌዳው ሄዱ። አንዲት ዶሮ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዳላት፣ ብዙ ዶሮዎች ተባብረው ግን እንደተፈለገው አቅጣጫ ሊይዙ ወይም አቅጣጫ ሊያጡ እንደሚችሉ በስዕል አስረዱ። ስምንት ዶሮዎች በክብ ተደርድረው ጭንቅላታቸው ወደ ውጭ ቢዞር፣ አንዱ ሌላውን ስለሚያጣፋ ድምሩ ባዶ ይሆናል። የአቶ ቱ ፊት ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወዝ ማሳየቱን ጸሐፊው ታዝቧል።

አቶ ኦውያንግ «ድምሩ ባዶ የሚሆነው ለአንተ ነው። ለተቀማጩ ግን ስምንት ሰው ተባረረ ማለት ነው» ሲሉ ተቃወሙ። አቶ ቱ ጭንቅላቶቹን ወደ መሃል አዞሩ። ወ/ት ልያው «እንዲህ ከሆነ ዶሮዎቹ እርስ በርስ ተባረሩ» አሉ። በዚህ ማንም ቅሬታ አላቀረበም።

ሆኖም ወ/ት ልያው የሙያ ግዴታቸው ስለሆነ አንድ ነገር አነሡ። ማንኛውም ሞገድ ዋናው አቅጣጫ ቢይዝም ትንሽ ትንሹ ወደ ጎን ይፈስሳል፤ ስለዚህ ክንፍና እግር ወደ ማን እንደሚያመለክቱም መታየት አለበት አሉ። ክንፍ የደመወዝ ቅነሳ ነው ወይስ የክፍል ዝውውር የሚለው ለረጅም ጊዜ አከራከረ። ሰብሳቢዋ ጠረጴዛውን መትተው «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ! እዚህ ቤት ግን ዶሮዋ ናት እኛን የምትጥለን!» በማለት ሥርዓት አስከበሩ።

ሁለት ነጥብ አራት። የግብዣው ወጥ ሠሪ ሼፍ አ-ሽዌይ በስልክ ተጠየቁ። ከምጣድ ጩኸት መካከል የሰጡት ቃል ይህ ነው፦ «እኔ አቅጣጫ ምናምን አላውቅም። ሳህኑን የማሳልፈው በሰውና በሰው መሃል ክፍተት ባለበት ነው፤ ጭንቅላቷም እዚያው ታርፋለች። ክፍተት ደግሞ የሚገኘው ከከሲታ ሰው ጎን ነው። ከሲታችሁ ማን ነው?» ኮሚቴው ወደ መስኮቱ ተመለከተ።

ከብዙ ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦ ሀ) ስምንት ሙሉ ዶሮ በክብ፣ ፊታቸው ወደ መሃል ሆኖ ይቀርባል። ለ) ትሪው በፕላስተር ይጣበቃል። ሐ) አቶ ቱ እስከ ግብዣው ዕለት ድረስ ይወፍራሉ። ለዚሁም በየቀኑ ከሰዓት አንድ ሳህን የሩዝ ኑድልና የአሳማ ሥጋ ድብልብል በአቶ ኦውያንግ ተቆጣጣሪነት ይመገባሉ። አቶ ቱ ስለ ራሳቸው መወፈር ድምፅ የመስጠት መብት እንዳላቸው ቢጠይቁም የጥቅም ግጭት አለበት ተብሎ ተከለከሉ።

አጀንዳ ሦስት፦ የማሽን ፓኬቶች

ሰብሳቢዋ፣ በየማሽኑ ጣሪያ ላይ የሚቀመጡት የበቆሎ መክሰስ አረንጓዴ ፓኬቶች ጊዜያቸው ሳያልፍ በአዲስ መተካታቸውን ገለጹ። ማሽን እንዳያምጽ ፓኬቷ አረንጓዴ መሆን እንዳለባት፣ ጊዜዋ ካለፈባት ማሽኑ እንደሚያኮርፍ፣ የሚበላት ሰው ደግሞ የመጣበትን ሁሉ ራሱ እንደሚችል አሳሰቡ። ይህም የአያቶች ልማድ አይደለም፤ የመሐንዲሶች ነው፤ በዚህኛው ግን ሁሉም ያምናል።

ወ/ት ልያው፣ በትልቁ የሙከራ ማሽን ላይ የነበረችው ፓኬት የለችም ሲሉ ሪፖርት አደረጉ። ሰብሳቢዋ ቀለማቸው ተለወጠ። «እንግዶቹ በመጡበት ዋዜማ በዚህ እጄ ነው ያስቀመጥኳት! ማን ነው የበላት?»

ጥርጣሬ በአቶ ኦውያንግ ላይ ወደቀ። አቶ ኦውያንግ «እኔ የኮኮነት ጣዕም አልወድም» ሲሉ ተከላከሉ። ወ/ት ልያው «ኮኮነት መሆኗን በምን አወቁ፣ ጋሼ?» ሲሉ ጠየቁ። አቶ ኦውያንግ ከሁለት ዓመት በፊት ጊዜዋ ያለፈባት አንዲት ፓኬት እንዳትባክን ብለው መቅመሳቸውን፣ በዚያው ሳምንት የግዢ ክፍሉ ፕሪንተር መሞቱን አመኑ። ለፕሪንተሩ የኅሊና ጸሎት ይደረግ የሚል ሐሳብ ቀርቦ በጊዜ እጥረት ታለፈ። የዘንድሮዋን ግን አልነካኋት ብለው ማሉ።

ወ/ት ልያው ሄደው እንዲፈልጉ ታዘዙ። በሄዱበት አልቆዩም፤ ሮጠው ተመለሱና በር ላይ ቆመው እንዲህ አሉ፦ «ቱ! ና! ማሽኑ ውስጥ ናት!»

ጉባኤው ወደ ሙከራ ክፍል ተዛወረ። ምልዓተ ጉባኤው በደረጃው ላይ እንዳይጓደል ሁሉም አብረው ወረዱ። ጸሐፊው እየጻፈ ስለወረደ የዚህ አንቀጽ ፊደል ተንጋዷል።

የትልቁ የሙከራ ማሽን ሆድ የሆነችው ጠባብ ክፍል ግድግዳዋ ሁሉ በጥቁር ስፖንጅ የተለበጠ ነው፤ ሞገድ ተመልሶ እንዳይነጥር። ቺፑ ከሚቆምበት ምሰሶ ጎን፣ በጥቁር ጨርቅ ተጠቅልላ፣ አረንጓዴዋ ፓኬት ቆማለች። ወ/ት ልያው ጨርቁን ሲገልጡ ፓኬቷ ከውስጥ በብር ወረቀት የተለበጠች መሆኗ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ትዝ አላቸው። ብር ወረቀት ሞገድን እንደ መስተዋት ይመልሳል። አቶ ኦውያንግ እንኳ ዝም አሉ፤ ይህም ከተቀጠሩ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።

አቶ ቱ ፓኬቷን በሁለት እጃቸው አውጥተው ለሰብሳቢዋ አስያዙ። ወ/ት ልያው ለኩ። ሞገዱ ቀጥ ብሎ ሄደ። ፓኬቷ ተመለሰች፤ ሞገዱ ወደ ግራ ተንጋደደ። ወጣች፤ ቀጥ አለ። አቶ ቱ «ደግሚው» አሉ፤ ተደገመ። «አንዴ ደግሞ፣ በሞቴ» አሉ፤ ተደገመ። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው ይስቁ ጀመር። ሳቅ ብቻ አልነበረም፤ ጸሐፊው ግን ከዚህ በላይ መመዝገብ ተገቢ ሆኖ አልታየውም። እኔም ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቶብኝ ነበር።

ይህ በሚሆንበት ጊዜ ዋና ሥራ አስኪያጁ ዶ/ር ጂያንግ የሙቅ ውኃ ፔርሙዛቸውን ይዘው ገቡ። ኮሚቴው በሙከራ ክፍል ወለል ላይ ምን እንደሚሠራ ጠየቁ። ከዚያ በሰብሳቢዋ እጅ ያለችውን ፓኬት አዩ። ጆሯቸው ቀላ። አቶ ኦውያንግ «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ሲሉ ለማንም ሳይሆን ተናገሩ።

ዶ/ር ጂያንግ የሰጡት ቃል፦ «እሺ… እኔ ነኝ። ይመዝገብ። አይ፣ አይመዝገብ።» (ሁለቱም ተመዝግቧል።) «እንግዶቹ በሚመጡበት ዋዜማ ልቤ ፈራ። እላይ ጣሪያው ላይ ከምትቀመጥ ወደ ሥራው ጠጋ ብትል ይበልጥ ትረዳለች ብዬ ነው። እንዳትስቁብኝ ደግሞ ጥቁር ጨርቅ አለበስኳት።»

ወ/ት ልያው «ጨርቅ ለዓይን እንጂ ለሞገድ መጋረጃ አይሆንም፣ ዶክተር። ይህን እኮ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» አሉ። ዶ/ር ጂያንግ ፔርሙዛቸውን ከፍተው ዘጉ።

ሰብሳቢዋ «ዶሮዋስ?» ሲሉ ጠየቁ።

ዶ/ር ጂያንግ፣ እናታቸው ከዩንሊን እንደሚመጡና ጭንቅላት የሌላት ዶሮ እንደማይወዱ አስረዱ። ሰብሳቢዋ «እናትዎ ሥጋ ከተዉ ስንት ዘመናቸው! ባለፈው ዓመት በእጄ ቶፉ አቅርቤላቸዋለሁ» አሉ።

«እሺ» አሉ ዶ/ር ጂያንግ። «ዶሮዋ ለቱ ነበረች። ደንበኛው ሄደብን፤ አንድ ሰው መውጣት ነበረበት። በአፌ ልነግረው አቃተኝ።»

አቶ ቱ ከወለሉ ተነሥተው ሱሪያቸውን አራገፉ። ቃላቸው ይህ ነው፦ «ዶክተር፣ ሳምንቱን ሙሉ ስህተቴን ስፈልግ ነው የከረምኩት። ባለቤቴ ምን ሆንክ ስትለኝ ሥራ በዛብኝ እያልኩ ጾሜን አድራለሁ። ስህተቱ የኔ ቢሆን እንኳ በአፍዎ ቢነግሩኝ ይሻለኝ ነበር። በጣም ነው ያዘንኩብዎት።»

ዶ/ር ጂያንግ ወገባቸው እስኪታጠፍ ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ፤ ቀና ለማለትም ቸኮል አላሉም። ከዚያ እዚያው ቆመው፣ ሁላችንም እየሰማን፣ ለደንበኛው ደወሉ። የተንጋደደው ሞገዱ ሳይሆን ዋና ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው መሆናቸውን፣ ምክንያቱም የበቆሎ መክሰስ መሆኑን ተናገሩ። በወዲያኛው ጫፍ ሳቅ ተሰማ። የእንግዶቹ አለቃ እነሱም ፋብሪካ ውስጥ ያቺኑ አረንጓዴ እንደሚያስቀምጡ፣ የትኛው ማሽን ውስጥ እንዳለች አሁኑኑ ሄደው እንደሚያዩ ነግረው፣ ሙከራው በሚቀጥለው ሳምንት እንዲደገም ተስማሙ።

አቶ ቱ ሥራቸው ላይ መሆናቸውን ዶ/ር ጂያንግ በአፋቸው አረጋገጡ። ሰብሳቢዋ «ድገሙት፣ ጸሐፊው አልሰማም» አሉ። ሰምቼ ነበር፤ ቢሆንም ደገሙት።

የመጨረሻ ውሳኔ

ሰብሳቢዋ «አንገት የተሠራው አዙሮ ለማየት ነው» ብለው፣ ጉባኤው የወሰነውን ሁሉ ዞሮ እንዲያይ ጠየቁ። ከአጭር ውይይት በኋላ የሚከተለው በአንድ ድምፅ ተወሰነ፤ ዶ/ር ጂያንግ ድምፅ አልሰጡም፣ አልተጠየቁምም።

በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ስምንቱ ዶሮዎች ተሰርዘዋል። ትሪው አይጣበቅም። አቶ ቱ እንዲወፍሩ አይገደዱም። በአጀንዳ አንድ የተደረገው እርማትም አብሮ ስለተሻረ አቶ ኦውያንግ እንደገና እንቅልፍ ወስዷቸዋል። የጸሐፊው ሹመት ግን የዛሬ ውሳኔ ስላልሆነ አይሻርም ተባለ፤ ተቃውሞዬ ተመዝግቧል።

አረንጓዴዋ ፓኬት ወደ ማሽኑ ጣሪያ ትመለሳለች። ከነጭራሹ ትውጣ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ደጋፊ አላገኘም፤ ያቀረበውም ሰው ወዲያው ማሽኑን ይቅርታ ጠይቋል።

አንዲት ሙሉ ዶሮ ትቀርባለች፤ ጭንቅላቷም ወደ ዶ/ር ጂያንግ ይዞራል። የተሽከርካሪው ትሪ ኃላፊ አቶ ቱ ቦ-ዪ ይሆናሉ፤ ከእሳቸው በቀር ማንም አይነካውም።

ዶ/ር ጂያንግ ፔርሙዛቸውን አቅፈው «እንግዲህ ሰው ዓሳውን ሲስብ፣ ሾርባውን ሲያዞር፣ ጭንቅላቷ ወደ ሌላ ሰው ሸርተት ብትልስ?» ሲሉ ጠየቁ።

አቶ ቱ መለሱ፦ «እሱን ለእኔ ይተዉት፣ ዶክተር። ሰማይ ላይ የሚሮጥ ሳተላይት የምከተል ሰው ነኝ። እርስዎ በፈለጉበት ወንበር ይቀመጡ፤ ታገኝዎታለች።»

ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተዘጋ።